ምን ማድረግ ተዉ? የአየር ንብረት ታሪኮችን ስቀዳ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው በአጭሩ ይኼ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የዕለት ኑሯቸውን እንዴት እንደነካው ሰዎች በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ እቀዳለሁ። ቅጂውን ወደ ሦስት ደቂቃ ገደማ አሳጥረዋለሁ። ከጎኑ የዚያን አካባቢ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ የሚያሳይ አንድ ካርድ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሰው መጥቶ ኢርፎን አድርጎ የሚያዳምጥበት አንድ ክፍል አዘጋጃለሁ። በጀት የለም። ያለኝ ስልክ፣ ላፕቶፕና ትርፍ ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን ያን ያህል ትርፍ አይደለም።

ቁጥሩማ ሞልቷል። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን በተከታታይ መለካት የተጀመረው በ1958 ነው። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 315 ያህሉ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳለው ደግሞ 2024 ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ በ1.55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀ ዓመት ነበር። ይኼን ለሰው ስነግር “እህ” ብሎ ስልኩን ይከፍታል። አልፈርድበትም። አንድ ተኩል ዲግሪ ሲሉት ኢምንት ነው የሚመስለው። ያቺ አንድ ተኩል የሰው ቤት ስትገባ ምን እንደምትሠራ ግን የቤቱ ባለቤት ያውቃል። የምፈልገው እሱን ነው።

ረቡዕ

ጥያቄዎቹን ጻፍኩ። “የአየር ንብረት ለውጥ” የሚለውን ሐረግ ሆን ብዬ አወጣሁት። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ዜና አንባቢ ይሆናል። “ሙቀቱ ጨምሯል፣ ዝናቡ ተዛብቷል፣ ደኑ ተጨፍጭፏል” ይልሃል። ውሸት አይደለም። ግን ከሬዲዮ የሰማውን ነው የሚመልስልህ።

“ከድሮው ይሞቃል ወይ?” የሚለውም አያዛልቅም። የሰው ትዝታ አጭር ነው። በ2019 የታተመ ጥናት አሜሪካውያን በትዊተር ስለ አየሩ የጻፏቸውን መልእክቶች መርምሮ ነበር። ሰዎቹ “የተለመደ” የሚሉት ሙቀት በቅርቡ፣ ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ወደኋላ ባለው ጊዜ ያዩትን ሆኖ ተገኘ። የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊም በ1995 ተቀራራቢ ነገር ጽፏል። እያንዳንዱ የዓሣ ተመራማሪዎች ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያየውን እንደ መነሻ ይወስዳል፣ ከዚያ በፊት የጠፋውን አይቆጥርም። እንግዲህ “ድሮ” ስትል የማን ድሮ?

ስለዚህ ጥያቄው ስለ ሥራና ስለ ልማድ ሆነ። በፊት ታደርጉት የነበረና አሁን የተዋችሁት ነገር ምንድን ነው? ከስንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው የምትሠሩት? ማታ የት ትተኛላችሁ? አየሩ አስገድዷችሁ የገዛችሁት ዕቃ አለ? ሰው የትኛው ዓመት እንደሞቀ ይረሳል። አልጋውን ከመኝታ ቤት ያወጣው ልጁ አንደኛ ክፍል የገባ ሰሞን መሆኑን ግን አይረሳም።

ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሰው የግድግዳ ልስን ሠራተኛ ነው። ስለ አየሩ ስጠይቀው “ያው ነው” አለኝ። ምን ተውክ ስለው ግን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

“ቀን ላይ መለሰን ተውኩ።”

ለምን?

“ግድግዳው ይጠጣዋላ!”

ከዚያ በእጁ ያሳየኝ ጀመር። ሲሚንቶውንና አሸዋውን ያቦካል፣ ይለጥፋል፣ ያስተካክላል። ከዚያ ትንሽ ጠብቆ ነው ማለስለስ ያለበት። ቶሎ ከነካው ይንሸራተታል፣ ከዘገየ ደግሞ አይታዘዝም። ያቺ መሃል ላይ ያለች ጊዜ ናት የሙያው ምስጢር። “አሁን ግን በፀሐይና በደረቅ ንፋስ ያቺ ጊዜ የለችም። ዞር ብዬ ዕቃ ሳነሳ ደርቋል።” በማግስቱ ግድግዳው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። ባለቤቱ ይመጣል፣ ጣቱን ስንጥቁ ላይ ያሳልፋል፣ ክፍያ ይቀንሳል።

ይኼን ቤት ገብቼ አጣራሁ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም። ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ውሕደቱ ይቋረጣል፣ ልስኑ ላይ ላዩን የደረቀ ቢመስልም ደካማ ሆኖ ይቀራል። ሙቀት፣ ደረቅ አየርና ንፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ትነቱ ይፈጥናል። ሰውዬው ይኼን ሁሉ “ይጠጣዋል” ብሎ በአንድ ቃል ነግሮኛል።

አሁን ጎህ ሳይቀድ አምፖል አብርቶ ይጀምራል። ረፋዱ ላይ ያቆማል። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ይመለሳል። የሠራው ሰዓት ያው ነው፣ ቀኑ ግን ለሁለት ተከፈለ። ረዳቱ መሃል ላይ ለሚቀመጥበት ሰዓት ማን ይክፈለው? ማንም። ሁለት ረዳት ሄዶበታል። ከዚያ ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ “ልጄ ስትነሳ ሄጃለሁ፣ ስመለስ ተኝታለች።”

ሦስት ደቂቃው እዚህ ላይ ሊያልቅ ነው መሰለኝ።

እሑድ ማታ

ስለ ድምፅ ትንሽ። ቀረጻ የሚገድለው ማራገቢያ ነው። ስለ ሙቀት የሚያወራ ሰው ቤት ስትገባ ደግሞ ማራገቢያው በርቷል። አጥፋልኝ ትላለህ። መስኮቱም ከመንገዱ ጫጫታ የተነሳ ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ ሁለታችሁም ላብ በላብ ናችሁ፣ ታሪኩም ማጠር ይጀምራል። “ይኸው ነው በቃ፣ ማራገቢያውን አብራው” ያለኝ ሰው አለ። ቅጂው ላይ አለ፣ አልቆረጥኩትም።

የደረስኩበት ዘዴ ይኼ ነው። ስልኩን በታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጬ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አቀርበዋለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ከሆነ ንዝረቱን ሁሉ ይለቅማል። ኤሮፕላን ሞድ ላይ ይሆናል። ማራገቢያው በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ከስልኩ ጀርባ ይቀመጣል። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ለብቻ እቀዳለሁ፣ በኋላ ስቆራርጥ መጋጠሚያውን ይሸፍንልኛል። ፋይሉን በዌቭ ነው የማስቀምጠው። ቦታ ይበላል፣ ግን ከተጨመቀ ፋይል ላይ ሁለቴ ሦስቴ ቆርጠህ ስታስቀምጥ ድምፁ እየተበላሸ ይሄዳል።

ማክሰኞ

እማማ (ስማቸውን እንዳልጠቅስ ተስማምተናል) የሚኖሩት የሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከጣሪያው በላይ ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ገና ሳልቀመጥ ጀመሩኝ።

“ቀኑንስ እችለዋለሁ ልጄ። ሌሊቱ ነው የጨረሰኝ።”

ይኼን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፣ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። በአብዛኛው የዓለም የብስ ላይ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ፈጥኖ ጨምሯል። ሰው ግን የሚለካው የቀኑን ነው፣ ዜናውም የቀኑን ነው የሚያወራው። ኮንክሪት ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ነው የሚተፋው። ሰውነት እንቅልፍ እንዲወስደው ደግሞ ውስጣዊ ሙቀቱ ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ትገላበጣለህ፣ ልብህም አታርፍም።

እማማ አልጋቸውን ከመኝታ ቤት አውጥተው በሩ አጠገብ አስጠግተውታል። ከስር የሚገባውን ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ነው። አንሶላ አርጥበው ወንበር ላይ ይዘረጋሉ። የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ፣ አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ በሙቀት ጊዜ ሰውነትን ያደርቃል። መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቆሙ ሐኪማቸው አስጠንቅቋቸዋል፣ ውሃውን ጨምሩ ብሏቸዋል። ውሃ ሲጨምሩ ደግሞ ሌሊት መነሳት ይበዛል። “የማልተኛበት ምክንያት ሁለት ሆነ” ብለው ሳቁ።

የስዊዘርላንድ ሴቶችን ነገርኳቸው። ከ2,000 በላይ አባላት ያሉት የአሮጊቶች ማኅበር፣ መንግሥታችን በአየር ንብረት ጉዳይ የሚገባውን አላደረገም፣ ሙቀቱ ጤናችንን ጎዳ ብሎ ከሰሰ። ሚያዝያ 9 ቀን 2024 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ለማኅበሩ ፈረደ፣ አገሪቱ የግልና የቤተሰብ ሕይወት የመከበር መብታቸውን ጥሳለች አለ። እማማ ለአፍታ አሰቡና “እንቅልፍ ስላጡ? ፍርድ ቤት ድረስ?” አሉ። ከዚያ “ጎበዞች ናቸው” አሉና ቅጂው እንዲቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ላፕቶፕ ፊት ነበር የዋልኩት። እያንዳንዱን ታሪክ ከመዝገብ ጋር ማገናኘት።

በአቅራቢያው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ካለ እሱን አስቀድማለሁ። ከሌለ፣ ወይም መሃል ላይ የጎደለ ዓመት ከበዛ፣ የአውሮፓው ኮፐርኒከስ አገልግሎት በነፃ የሚያወጣው ኢአርኤ-5 የሚባል ዳታ አለ። የጣቢያ፣ የሳተላይትና የሌሎች ምልከታዎችን ከኮምፒውተር ሞዴል ጋር አዋሕዶ ከ1940 ጀምሮ ያለውን አየር ሰዓት በሰዓት መልሶ ያሰላል። ዓለምን የሚከፋፍለው ግን በ31 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአውራጃ ያክል ጥሩ ነው፣ ለእማማ ጣሪያ ግን አይሆንም። ካርዱ ላይ ይኼን እጽፋለሁ። የማወዳድረው ከ1961 እስከ 1990 ያለውን ከ1991 እስከ 2020 ካለው ጋር ነው። የሠላሳ ዓመት አማካይ መውሰድ የሜትሮሎጂ ደንብ ነው። አንድ ክፉ ዓመት ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚመጣው የአየር መዛባት) ሊሆን ይችላል፣ ሠላሳ ዓመት ግን በእሱ አይሳበብም።

አንድ ገበሬ “ዝናቡ ቀንሷል” ብለውኝ ነበር። መዝገቡን አየሁ። የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ እምብዛም አልተለወጠም። ተጨነቅኩ። እሳቸውን ማረም ነው ወይስ ግራፉን መደበቅ? ከዚያ ቀን በቀን ከፍቼ አየሁት። የሚዘንብባቸው ቀናት ቀንሰዋል። ሲዘንብ ግን በአንዴ ይወርዳል። መሃል ያለው ደረቅ ጊዜ ረዝሟል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ሲያራግፍ የሚያራግፈውም በዚያው ልክ ነው።

ደውዬ ነገርኳቸው። “ጠቅላላው አልቀነሰም፣ አመጣጡ ነው የተለወጠው።” ዝም አሉ፣ ከዚያ “ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጠርጎ የሄደ ውሃ ለእሳቸው ዝናብ አይደለም። ቃላቸውን አልነካሁም። ካርዱ ላይ ግን የዓመቱን ድምር ትቼ የዝናብ ቀናትን ብዛት ነው የሳልኩት።

አርብ

ጎርፍ ቤቷ የገባባት ሴት። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ የልጆቿ ደብተሮች ሲንሳፈፉ ያየችበትን ስትነግረኝ እኔም ዝም አልኩ። ነገር ግን ከላይ በኩል አዲስ መንገድ ተሠርቶ የውሃ መውረጃው ጠቧል። ይኼ የአየር ንብረት ታሪክ ነው?

ማውጣት አልፈለግኩም። ዝናቡ ጠንክሯል፣ መውረጃውም ጠቧል፣ ሁለቱም በአንድ በር ነው የገቡት። የቱ ምን ያህል እንደሆነ ማካፈል የእሷ ሥራ አይደለም። የካርዱ ሥራ ነው። ካርዱ “የጎርፉ መንስኤ ከአንድ በላይ ነው” ይላል፣ ሁለቱንም ይጠቅሳል። ሁሉን ነገር በአየር ንብረት ማሳበብ ቦይ መጥረግ ያለበትን አካል ነፃ ያወጣል። ይኼ ነገር በጣም ያናድደኛል።

ሳይንሱ ራሱ እንዲህ ነው የሚናገረው፣ በዕድል ስሌት። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የሚባል የሳይንቲስቶች ቡድን አለ። አንድ የሙቀት ማዕበል ወይም ጎርፍ ሲደርስ፣ የሰው ልጅ አየሩን ባያሞቀው ኖሮ ይህ የመከሰት ዕድሉ ምን ያህል ነበር ብሎ ያሰላል። ሰኔ 2021 ካናዳ ውስጥ ሊተን የምትባል መንደር 49.6 ዲግሪ ደረሰች፣ በማግስቱ አብዛኛዋ በእሳት ወደመች። ቡድኑ ስለዚያ የሙቀት ማዕበል ያለው፣ ያለ አየር ንብረት ለውጥ ሊደርስ አይችልም ነበር ለማለት የሚያስደፍር ነው። ስለ ሌላው ክስተት ሁሉ ግን እንዲህ አፉን ሞልቶ አይናገርም። እኔም ካርድ ስጽፍ ከእነሱ በላይ መድፈር የለብኝም።

እሑድ

ፈቃድ። መጀመሪያ ላይ በድምፅ እጠይቃለሁ፣ መልሱም ይቀዳል። ከዚያ አሳጥሬ ስጨርስ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ አዳምጠው ካልተስማሙ ይወጣል። ሰው ለአንድ ሰዓት ያወራውን ሦስት ደቂቃ ሲያደርጉት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ፎቶ ካለ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን የቦታ መረጃ አጠፋለሁ። ስም ቀይረህ የቤቱን መገኛ ብትተው ምን ዋጋ አለው?

በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ልጅ አለ። ከሄልሜቱ ስር እርጥብ ጨርቅ ያደርጋል። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፣ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ግን ላቡ ወርዶ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። “ውሃ ውስጥ እየነዳሁ ነው የሚመስለኝ” አለ። ከዚያ ጥላ ስር የሚያርፍባትን ዘዴና ለአለቃው የሚናገራትን ሰበብ ነገረኝ። አንጀት የምታርስ ዓረፍተ ነገር ነበረች። በማግስቱ “እሷን አውጣልኝ፣ ሥራዬን ታሳጣኛለች” ብሎ ደወለ። አወጣኋት። ከሁሉም ቅጂ ምርጧ እሷ ነበረች፣ እና የለችም።

ማክሰኞ

ንብ አናቢዋ ደግሞ ስለ ራሷ አንድም ቃል ሳትናገር ስለ ንቦቿ ብቻ አወራች። ንቦች እጭ ያለበትን የቀፎ ክፍል ከ34 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቃሉ። ሲሞቅ ውሃ አምጥተው ይረጫሉ፣ በክንፋቸው ያራግባሉ፣ ሲብስ ቀፎው አፍ ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ። “ውሃ የሚቀዳ ንብ አበባ አይቀስምም” አለች። ማርዋ ለምን እንዳነሰ በዚህች አለቀ። ለጎብኚ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት የለኝም።

በነገራችን ላይ፣ አበባ የሚፈካበትን ቀን ከዓመት ዓመት ስትመዘግብ ነው የኖረችው፣ ለሥራዋ ብላ። ደብተሩን ፎቶ አነሳሁት። የጃፓኗ ኪዮቶ ትዝ አለችኝ። የቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኮሳት ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቼሪ አበባ በዓል መቼ እንደተከበረ በማስታወሻቸው ጽፈው ነበር። እነዚያ ማስታወሻዎች ዛሬ የአየር ንብረት መዝገብ ሆነዋል። በ2021 አበባው ሙሉ በሙሉ የፈካው መጋቢት 26 ነው፣ እስከዚያ ድረስ በነበረው የ1,200 ዓመት መዝገብ ቀዳሚው ቀን። እዚያው ጃፓን የሱዋ ሐይቅ ካህናት ሐይቁ በረዶ የሚሠራበትን ቀን ከ1443 ጀምሮ ጽፈዋል፣ አሁን ምንም በረዶ የማይሠራበት ዓመት በዝቷል። አንዳቸውም ለሳይንስ ብለው አልጻፉም። ደብተር ያለው ሰው ባገኝ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ማዳመጫው

ክፍሉ ተከፈተ። ኢርፎኖቹ ርካሽ ናቸው፣ አንዱ ከመጀመሪያው ግማሽ ጆሮ ነበር። ካርዶቹን በቁመት ሰቀልኳቸው። ለእያንዳንዱ አካባቢ የቀለም መስመሮች አትሜያለሁ፣ አንድ ዓመት አንድ መስመር፣ የቀዘቀዘው ሰማያዊ፣ የሞቀው ቀይ። ይህን አሳሳል ኤድ ሆኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ2018 ያስተዋወቀው ነው። ቁጥር የሌለው ግራፍ ስለሆነ ሕፃንም ያነበዋል።

የልስን ሠራተኛው መጣ፣ ድምፁን ሰማ፣ ተቆጣ። “ውሃ ማጠጣቱን ቆርጠኸዋል!” ልስኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ለቀናት ውሃ ማጠጣት እንደሚያስፈልግ የተናገረውን ነው። እኔ ስለ ልጁ ያለውን ይዤ ሙያውን አውጥቼበታለሁ። ለእሱ ግን ቁም ነገሩ ያ ነበር፣ ሌላ ሠራተኛ ቢሰማው ይጠቅመዋል። የቆረጥኩት ተመልሶ ይገባል።

በሩ ላይ ባዶ ካርድና እርሳስ አስቀምጬ ነበር። “ምን ተዉ?” ይላል። አንዱ “ከሰዓት በኋላ እግር ኳስ” ብሏል። አንዷ “ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ውሃው በፈረቃ ስለሆነ” ብላ ጽፋለች። አንዱ ደግሞ “ምንም አልተውኩም፣ ይኼ ሁሉ ወሬ ነው” ብሏል። እሱንም ሰቀልኩት።

ሰኞ

ወጣቶቹ ላይ ጥያቄው አልሠራም። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ምን ይተዋል? አየሩን እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘው። አንዱን “ምን ተውክ?” ስለው ግራ ገብቶት አየኝ።

ስለዚህ ለእነሱ ጥያቄውን ቀይሬዋለሁ፦ አባትህ ወይም እናትህ በአንተ ዕድሜ ያደርጉት የነበረና አንተ የማታደርገው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ቤት ሄዶ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ቀረጻው የሁለት ሰው ይሆናል ማለት ነው፣ ልጁ ጠያቂ፣ ወላጁ ተናጋሪ፣ እኔ ደግሞ ማራገቢያ አጥፊ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ነገ ከትምህርት በኋላ ይመጣሉ። ሁለተኛ ፎጣ ያስፈልገኛል።